አይጥ ላይ የታየ የአንጎል ሥራ ለሰው ምን ያህል ይሠራል?

ሰሚት_ልጅ · ማክሰኞ ምሽት 1:40

ሰላም የቤቱ ልጆች።

ሰሞኑን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። በየሳምንቱ «ሳይንቲስቶች የማስታወስን ምስጢር ደረሱበት» የሚል ዜና ይመጣል። ትከፍተዋለህ። ወረድ ስትል «ጥናቱ የተካሄደው በአይጦች ላይ ነው» ይላል። ጉበት ወይም ልብ ቢሆን ይገባኛል። ግን ማሰብ? አይጥ ምን አስባ ነው እኔ ለፈተና ሳጠና ጭንቅላቴ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር የምትመሰክረው?

ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ሰውና የላቦራቶሪ እንስሳ ተመሳሳይ የአእምሮ ሥራ ሲሠሩ አንጎላቸው ውስጥ የሚታየው ነገር በትክክል ተነጻጽሮ ያውቃል? ወይስ በግምት ነው? የሚያውቅ ያስረዳን። የማያውቅም አስተያየት ይስጥ፣ ክልክል የለም።

ዶክተር_ያልሆንኩት · ማክሰኞ ምሽት 1:52

እኔ ቤት ያለችውን ብታያት እንዲህ አትልም ነበር። ወጥመዱ ላይ ያደረግኩላትን ቋንጣ በልታ ወጥመዱን እንደተወጠረ ትታልኝ ሄዳለች። ከሁለታችን ማን እንዳሰበ ግልጽ ነው።

ነርቭ_ቆጣሪ · ማክሰኞ ምሽት 2:35

ተነጻጽሯል። ግን በሁሉም መስክ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ንጽጽር ዓለት ላይ የቆመ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ወሬ ነው። የምማረው ጀርመን ነው፣ ሥራዬም በዚሁ ዙሪያ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ጠንካራው መንገድ ፍለጋ ላይ ያለው ነው። በ1971 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ጆን ኦኪፍ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገባ። ቦታው ሂፖካምፐስ ይባላል፣ እኛም አለን። ሽቦው ሴሉ የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ምት ይቀዳል፤ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲያገናኙት ይሰማል። አይጧ ሳጥኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል አንዱ ሴል ዝም ይላል። አንድ የተወሰነ ጥግ ላይ ስትደርስ ጠጠጠጠ ብሎ ይንጣጣል። ከጥጉ ስትወጣ እንደገና ዝም። ጎረቤቱ ያለው ሴል ደግሞ ሌላ ጥግ ይመርጣል። እነዚህ «የቦታ ሴሎች» ተባሉ። በ2005 ኖርዌይ ትሮንዳይም ውስጥ ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር ከሂፖካምፐስ አጠገብ ሌላ ዓይነት ሴል አገኙ። ይሄኛው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይንጣጣም። በእኩል ርቀት በተደረደሩ ብዙ ነጥቦች ላይ ይንጣጣል። ነጥቦቹን በመስመር ብታያይዛቸው እኩል ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች ወለሉን ይሞሉታል። «የመረብ ሴል» እንበለው። በ2014 ሦስቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

እስከዚህ ድረስ አይጥ ነው። የጤነኛ ሰው ጭንቅላት ተከፍቶ ሽቦ አይገባበትም። ግን መድኃኒት አልመልስ ያለው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ሐኪሞች በሽታው ከየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚነሳ ለማወቅ ኤሌክትሮድ (ያው ቀጭን መቅጃ ሽቦ) ያስገቡና ሰውየውን ለቀናት ሆስፒታል ያስተኙታል። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይሰለቻል። ተመራማሪዎች ፈቃዱን ጠይቀው የኮምፒውተር ጌም ያቀርቡለታል። በ2003 ከሎስ አንጀለስ በወጣው ጥናት ጌሙ ታክሲ መንዳት ነበር። ተሳፋሪ ትፈልጋለህ፣ የሚሄድበት ሱቅ ታደርሳለህ። 7 ሕመምተኞች ተጫወቱ፣ ከ317 ሴሎች ተቀዳ። የተወሰኑት ሴሎች ልክ እንደ አይጧ ከተማዋ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሲደረስ ብቻ ተንጣጡ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ሕንፃ ሲታይ፣ ወይም ሰውየው ወዴት ለመሄድ እንዳሰበ ተከትለው ይሠሩ ነበር።

ይሄ ሴል ለሴል የተደረገ ንጽጽር ነው። ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ጠያቂ_ቶማስ · ማክሰኞ ምሽት 3:10

ጥሩ ተጽፏል፣ ግን ቀዳዳ አለው። አይጧ በእግሯ ሮጣ፣ አሽትታ፣ በጺሟ ግድግዳ ነክታ ነው። ሰውየው ትራስ ተደግፎ ቁልፍ ነው የሚነካው። ሁለቱ አንድ ሥራ ሠሩ ለማለት አይከብድም?

ነርቭ_ቆጣሪ · ማክሰኞ ምሽት 3:28

ይከብዳል። ሰውን ማስኬድ ካልተቻለ አይጧን ጌም ውስጥ እናስገባት ያሉ አሉ። ኳስ ላይ አቁመው፣ ዙሪያዋን ስክሪን አድርገው፣ ስትሮጥ ምስሉ አብሯት እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። በ2013 ከሎስ አንጀለስ የወጣ ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቷል። እውነተኛው መንገድ ላይ ስትሮጥ ይሠሩ ከነበሩት የቦታ ሴሎች ጌሙ ውስጥ የሠሩት ግማሽ እንኳ አልሞሉም። አንዷ እንስሳ፣ አንዱ አንጎል፣ ግን መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲጠፋ ሥዕሉ ተቀየረ።

ሌላም ልጨምርልህ። አይጥ ስትሮጥ ሂፖካምፐሷ በሰከንድ 8 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፣ ቴታ ይሉታል፣ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ዘገምተኛና ቁርጥ ቁርጥ የሚል ነው። የሌሊት ወፍ ላይ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚሄድ ቴታ የለም፣ የመረብ ሴል ግን አላት። ስለዚህ ካርታው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ሪትሙ ግን ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል።

ማግኔት_ቤት · ማክሰኞ ምሽት 3:55

እኔ የኤምአርአይ ባለሙያ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ስለ አንጎል ሳይሆን ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ዜናው ላይ «አንጎሉ በራ» ሲሉ ያናድደኛል።

ምንም የሚበራ ነገር የለም። ኤፍኤምአርአይ (በኤምአርአይ የአንጎልን ሥራ የምንከታተልበት መንገድ) ነርቭ ሲሠራ አያይም፣ የሚያየው ደም ነው። ሴሎች ሲሠሩ ወደዚያ ሰፈር ትኩስ ደም ይጎርፋል። ኦክስጅን የያዘና የጨረሰ ደም ማግኔት ውስጥ ጠባዩ ይለያያል፣ ያንን ልዩነት ነው የምንቀዳው። በነገራችን ላይ ሴይጂ ኦጋዋ ይሄን ልዩነት በ1990 ያሳየው በአይጦች ነው። ሰው ላይ የመጣው በ1992 ነው። እና አይጧ ማሽኑ ውስጥ ቀድማን ገብታለች።

ነገሩ የኮንዶሚኒየም ብሎክ የውሃ ቆጣሪ እንደማንበብ ነው። ብሎኩ ውሃ እንደተጠቀመ ታያለህ። ልብስ ያጠበው ሦስተኛ ፎቅ ይሁን ምድር ቤት አታውቅም። ሦስት ሚሊሜትር በሦስት በሦስት በሆነች ኩብ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉ። የደሙ ለውጥ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሴሎቹ ከሠሩ 5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። እንስሳዋ አንጎል ውስጥ ያለው ሽቦ ግን እያንዳንዷን ምት በሺኛ ሰከንድ ይይዛታል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አድርጎ «ተመሳሳይ ናቸው» ማለት እንዴት ይቻላል? ይሄን እናንተ መልሱ።

ሰሚት_ልጅ · ማክሰኞ ምሽት 4:02

ይሄን ነበር የፈለግኩት! ቀጥሉ፣ ቡና ላፍላ።

ነርቭ_ቆጣሪ · ማክሰኞ ምሽት 4:40

ማግኔት_ቤት በጣም አመሰግናለሁ። መልሱ ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛው፣ ሁለቱን መለኪያዎች ባንድ እንስሳ ላይ ማድረግ ነው። ኒኮስ ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ እዚህ ጀርመን ቱቢንገን፣ ማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም፣ ማካክ ጦጣዎችን አደንዝዘው ማግኔቱ ውስጥ አስገቡና በዚያው ሰዓት በኤሌክትሮድ ቀዱ። ማግኔቱ ውስጥ ሆኖ የነርቭን ጥቃቅን ኤሌክትሪክ መቅዳት ምን ዓይነት ራስ ምታት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። በ2001 አሳተሙት። የደሙ ሲግናል ይበልጥ የሚከተለው ሴሎቹ የሚያወጡትን ምት ሳይሆን ወደ ሰፈሩ የሚገባውንና እዚያው የሚብላላውን እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንድ ክፍል ኤፍኤምአርአይ ላይ ጎላ ብሎ ታይቶ ሴሎቹ ግን ወደ ውጪ ብዙም ያልላኩ ሊሆኑ ይችላሉ። እንስሳ ላይ የሚለካው ሰው ላይ ከሚለካው ጋር አልገጠመም ሲባል አንዳንዴ ጠቡ የአንጎሎቹ ሳይሆን የመለኪያዎቹ ነው።

ሁለተኛውን በጣም ነው የምወደው። የመረብ ሴሎቹን አስታውሱ፣ ሦስት ማዕዘኖቹን። እንዲህ ያለ መረብ ስድስት ዋና አቅጣጫ አለው፣ በየ60 ዲግሪው አንድ። ክርስቲያን ዶለር፣ ካስዌል ባሪና ኒል በርጌስ ለንደን ሆነው እንዲህ አሰቡ። የሰው አንጎል ውስጥ ይሄ መረብ ካለ፣ ሰውየው ጌሙ ውስጥ በመረቡ መስመር ሲሄድና ከመስመሩ ዘንበል ብሎ ሲሄድ የደሙ ሲግናል መለያየት አለበት። አቅጣጫው ሙሉ ክብ ሲዞር ሲግናሉ 6 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። 5 ከሆነ ውድቅ። 7 ከሆነ ውድቅ። ማግኔት ውስጥ ሰዎችን አስተኝተው አጫወቱና አዩት። 6 ጊዜ ነው። በ2010 ታተመ። በ2013 ደግሞ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ላይ በኤሌክትሮድ መረብ መሳይ ሴሎች በቀጥታ ተቀዱ።

ልዩነቱን አያችሁ? «አይጥ ላይ ይሄ ክፍል ሠራ፣ ሰው ላይም ሠራ» ማለት ቀላል ነው። ሰፊ ክፍል ከሆነ መቼም አይሳሳትም። ይሄኛው ግን ከአይጥ ተነስቶ ሰው ላይ ቁጥር ተነበየ። ሊወድቅ የሚችል ትንቢት ነው። እኔ አንድን ንጽጽር የማምነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጠያቂ_ቶማስ · ረቡዕ ጠዋት 2:15

የመንገዱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን መንገድ መፈለግ ከጉንዳን ጀምሮ ሁሉም የሚሠራው ነገር ነው። ሰሚት_ልጅ የጠየቀው ማሰብን ነው። እዚያ ላይ ታሪኩ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም።

በ1930ዎቹ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካርላይል ጃኮብሰን ከጆን ፉልተን ጋር ሁለት ቺምፓንዚዎች ነበሩት። ቤኪና ሉሲ። (የኛዋ ሉሲ ድንቅነሽ አይደለችም፣ ያኔ ገና አፈር ውስጥ ናት።) ፈተናው ቀላል ነው። ምግብ ከሁለት ኩባያ በአንዱ ሥር እያየች ይደበቃል። መጋረጃ ይወርዳል። ትንሽ ተቆይቶ ይነሳል። የቱ ሥር ነው? ጤነኛ ቺምፓንዚ ይሄን ያልፋል። የአንጎላቸው የፊት ክፍል ከተወገደ በኋላ ግን ሁለቱም ወደቁ። መጋረጃው ሲወርድ ምግቡ ከአእምሯቸው ይጠፋል። ይሄ ትክክለኛና ትልቅ ግኝት ነው።

ችግሩ አብሮ የተወራው ነው። ቤኪ ከቀዶ ጥገናው በፊት ስትሳሳት መሬት ላይ የምትንፈራፈር፣ የምትናደድ ነበረች። ከዚያ በኋላ ብትሳሳትም ግድ አልነበራትም። በ1935 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ይሄ ቀረበ። አዳራሹ ውስጥ ፖርቱጋላዊው ኤጋሽ ሞኒዝ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ሊዝበን ውስጥ የሰው አንጎል የፊት ክፍል ላይ ቀዶ ጥገና ጀመረ። ሎቦቶሚ ከዚያ መጣ፣ በ1949 ኖቤል ተሰጠው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። ሞኒዝ ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው ወይስ ቀድሞም ነበረው የሚለው ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። ግን የሚገርመው ሉሲ ናት። ሉሲ የተገላቢጦሹን ነበር የሆነችው። ረጋ ያለችው እንስሳ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቁጡ ሆነች። ከሁለት እንስሳ የአንዷን ወስደው የሌላዋን ዘነጓት።

አይጥ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰውና ጦጣ ላይ ሐሳብን ለአፍታ የሚይዘው የፊት ክፍል፣ ውስጡ የተለየ የሴል ድርድር አለው። አይጥ ያ ድርድር የላትም። አይጥ ላይ «ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ» ተብሎ የሚጻፈው ከሰው የትኛው ጋር እንደሚገጥም እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

ነርቭ_ቆጣሪ · ረቡዕ ጠዋት 2:50

ቶማስ፣ የጻፍከው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ልቀጥልበት። ያ የመጋረጃ ፈተና እዚያ አልቆመም። በ1971 ሆአኪን ፉስተር አሜሪካ ውስጥ፣ ኩቦታና ኒኪ ጃፓን ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ጦጣ ላይ ያንኑ ወይም እሱን የመሰለ ፈተና እየሰጡ የፊት ክፍሉን ሴሎች ቀዱ። ምግቡ ሲደበቅ የሚሠራ ሴል አለ፣ ያ አይገርምም። የገረማቸው መጋረጃው ወርዶ ጦጣው ምንም በማያይበት ጊዜ ሳያቋርጡ የሚንጣጡ ሴሎች መኖራቸው ነው። እስኪመልስ ድረስ ይቀጥላሉ፣ ከመለሰ በኋላ ያቆማሉ። በ1997 ሰዎች ማግኔት ውስጥ ገብተው ፊት ወይም ፊደል አይተው በልባቸው ሲይዙ፣ እዚያው የፊት ክፍል ላይ በመጠበቂያው ጊዜ የማይወርድ ሲግናል ታየ። ጦጣው መራ፣ ሰው ተከተለ።

ግን ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ልዩነት አለ። ጦጣው ያን ፈተና የሚማረው በወራት ነው። በየቀኑ፣ በጭማቂ ጠብታ እየተሸለመ። ሰውየውን ግን «ፊቱን አስታውስ፣ ተመሳሳይ ከሆነ ይሄን ተጫን» ትለዋለህ፣ አለቀ። ሽቦው ሲገባ ጦጣው ሥራውን ከሺህ ጊዜ በላይ የሠራ ባለሙያ ነው። ሰውየው ጀማሪ ነው። የምናነጻጽረው ሁለት ዝርያ ነው ወይስ ሠልጣኝና ጀማሪ?

ዶክተር_ያልሆንኩት · ረቡዕ ጠዋት 3:05

ታዲያ ያ የጃፓኑ ቺምፓንዚስ? ቁጥሮች ስክሪን ላይ ብልጭ ብለው ሲጠፉ በቅደም ተከተል የሚነካው። ቪዲዮውን አይቼ ለሦስት ቀን ራሴን ንቄያለሁ።

ጠያቂ_ቶማስ · ረቡዕ ጠዋት 3:20

አዩሙ ነው። ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ማትሱዛዋ፣ 2007። ቁጥሮቹ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ታይተው ሲሸፈኑ ከተማሪዎቹ በልጦ ነበር። ግን ነርቭ_ቆጣሪ አሁን ያለው ነገር ነው። አዩሙ ብዙ ተለማምዷል፣ ተማሪዎቹ አልተለማመዱም። በኋላ ሰዎችን በደንብ ያለማመዱ ተመራማሪዎች ሰውም እዚያ ደረጃ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ስለዚህ ራስህን መናቅህን አቁም፣ ወይም ሌላ ምክንያት ፈልግለት።

ዶክተር_ያልሆንኩት · ረቡዕ ጠዋት 3:22

ሌላ ምክንያት ሞልቷል። ደግሞ ነገሩ የጭንቅላት መጠን ነው ወይስ?

ነርቭ_ቆጣሪ · ረቡዕ ጠዋት 3:30

ትንሿ አይጥ 71 ሚሊዮን የነርቭ ሴል አላት። ማካክ ጦጣ 6.4 ቢሊዮን። ሰው 86 ቢሊዮን ገደማ። ዝሆን 257 ቢሊዮን አለው፣ ግን አብዛኛው በስተኋላ ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ነው። መልሱን ራስህ ድረስበት።

እናት_ዓለም · ረቡዕ ከሰዓት 9:10

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩት፣ ግማሹ ገብቶኛል። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መንገድ እየጠፋው ነው። ስንት ዘመን የኖርንበት ሰፈር ውስጥ ቆሞ ግራ ይገባዋል። ስለ መንገድ ስትጽፉ ለዚህ ነው ልቤ የቆመው። ይሄ የአይጥ ጥናት ለእንዲህ ያለው ነገር ምን ረብ አለው?

ነርቭ_ቆጣሪ · ረቡዕ ከሰዓት 9:45

እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፣ ዛሬ ነገ አይበሉ። መንገድ መጥፋት ብዙ ምክንያት አለው፣ ታይሮይድም፣ የቫይታሚን እጥረትም፣ የሚወስደው መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ሊድን የሚችል አለ።

ለጥያቄዎ ግን፣ ረብ አለው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ የመረብ ሴሎቹ የተገኙበት ክፍል ነው። በ2015 እዚህ ጀርመን የተሠራ ጥናት ገና ወጣት የሆኑ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው፣ ግን በዘር ለአልዛይመር ይበልጥ የተጋለጡ ሰዎችን ማግኔት ውስጥ አጫወተ። ያ ስድስት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚለው ሲግናል እነሱ ላይ ደክሞ ታየ። አይጥ ላይ የተገኘው መረብ ባይኖር ማንም ሰው ላይ ይሄን አይፈልግም ነበር።

መድኃኒቱ ላይ ግን ልዋሽዎት አልፈልግም። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይዛትም። የሰው ዘረመል ተጨምሮባት ነው የምትታመመው። እሷን ያዳኑ ብዙ መድኃኒቶች ሰው ላይ ወድቀዋል።

እናት_ዓለም · ረቡዕ ከሰዓት 9:58

ይባርክህ ልጄ። ሐሙስ ወይም ዓርብ እንሄዳለን።

ማግኔት_ቤት · ረቡዕ ምሽት 12:40

አንድ ጥያቄ። የቱቢንገኖቹ ጦጣዎች ደንዝዘው ነበር ብለሃል። የደነዘዘ እንስሳ ደግሞ አያስብም። እኔ ጋ ሰው እንኳ ራሱን አላንቀሳቅስ ማለት ያቅተዋል፣ እንስሳ ነቅቶ ማግኔት ውስጥ ይገባል?

ነርቭ_ቆጣሪ · ረቡዕ ምሽት 1:05

ይገባል። ጦጣዎች ይሠለጥናሉ፣ ግን ጭንቅላታቸው ይታሰራል። ሳይታሰሩ የሚገቡት ውሾች ናቸው! አትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ግሪጎሪ በርንስ በ2012 ውሾችን አሠልጥኖ ጆሯቸውን ከጩኸቱ ሸፍኖ አገጫቸውን አስደግፎ አስገባቸው። ማሰሪያ የለም፣ ማደንዘዣ የለም፣ ካልፈለገ ተነስቶ ይወጣል። ቡዳፔስት ያሉት ደግሞ በ2014 ውሾችንና ሰዎችን ባንድ ማሽን አስገብተው አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሟቸው። የሰው ድምፅ፣ የውሻ ድምፅ፣ ሌላ ኮሽታ። ሁለቱም ላይ ለራሳቸው ዝርያ ድምፅ ይበልጥ የሚሠራ ቦታ ተገኘ። መለኪያው አንድ፣ ሥራው አንድ። ቅድም ያነሳኸው የቆጣሪ ችግር እዚህ የለም።

ማግኔት_ቤት · ረቡዕ ምሽት 1:09

ከታካሚዎቼ ይሻላሉ። (ታካሚዎቼ ይሄን አያነቡም ብዬ ነው።)

ሰሚት_ልጅ · ረቡዕ ምሽት 1:30

አሁን አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልኝ። የማሰብ ሥራ አይጥ ላይ በደንብ ተሠራ የሚባለው አሁን የትኛው ነው? ሩጫ ያልሆነ።

ነርቭ_ቆጣሪ · ረቡዕ ምሽት 2:20

ሁለት ልጥቀስ።

አንዱ ትልቅ ነው። 12 ላቦራቶሪዎች ተባብረው አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት ፈተና አደረጉ። አይጧ ከፊቷ ስክሪን አለ፣ ከፊት እግሯ ሥር ትንሽ ጎማ። ስክሪኑ ላይ ሽንትር ሽንትር ያለ ምስል በግራ ወይም በቀኝ ይመጣል። ጎማውን አዙራ ወደ መሐል ካመጣችው ጣፋጭ ውሃ ታገኛለች። ምስሉ አንዳንዴ ደብዛዛ ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። ግን ለተወሰነ ጊዜ ከ10 ጊዜ 8ቱ በአንድ ወገን ይመጣል፣ ከዚያ ሳይነገራት ይገለበጣል። ብልጥ አይጥ ምስሉ ሲጠፋባት ያለፈውን አስታውሳ ትገምታለች። ይሄ ማሰብ ካልሆነ ምን ይባላል? በ2025 ታተመ፤ 139 አይጦች፣ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሴሎች፣ 279 የአንጎል ክፍሎች። የውሳኔው ምልክት አንድ ሰፈር ላይ አልተቀመጠም፣ ከአንጎል ጫፍ እስከ ጫፍ ተበትኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ አንድ ዜና «የውሳኔ ማዕከል ተገኘ» ካለህ ፊትህን አዙር።

ሌላው ትንሽ ነው ግን ውብ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ በ2016 ሰዎች የወፍ ሥዕል አዩ። የወፉ አንገትና እግር ይረዝማል፣ ያጥራል። ሰዎቹ አንገትና እግር ሲቀያየር በሐሳባቸው ተከታተሉ። መንገድ የለም፣ ከተማ የለም። ያ ስድስት ጊዜ የሚመላለሰው ሲግናል እዚያም ታየ። በ2017 ደግሞ ፕሪንስተን ውስጥ አይጦች ጆይስቲክ ይዘው የድምፅ ቅጥነት እያሳደጉ የተፈለገው ላይ ሲደርስ እንዲለቁ ሠለጠኑ። ከቦታቸው አልተነሱም። የሂፖካምፐስ ሴሎቻቸው ጥግን ትተው እያንዳንዳቸው አንድ የድምፅ ቅጥነት ላይ ተንጣጡ። የቦታ ካርታው ቦታ ላልሆነ ነገር አገለገለ፣ ሁለቱም ጋ።

ጠያቂ_ቶማስ · ረቡዕ ምሽት 2:41

የወፏ ጥናት ያው የደም ሲግናል መሆኑ እንዳይረሳ። የድምፁን ግን አላውቀውም ነበር፣ አነበዋለሁ።

ቢኒ_ዲሲ · ሐሙስ ሌሊት 7:15

ከሥራ መልስ ነው ያየሁት። ዲሲና ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። የለንደን ታክሲ ሹፌሮች አንጎል ያድጋል የሚባለው እውነት ነው? እና እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኩ «ወደ ግራ ታጠፍ» እያለኝ ስለምነዳ የኔስ?

ነርቭ_ቆጣሪ · ሐሙስ ጠዋት 3:30

እውነት ነው። ኤሊኖር ማጓየር በ2000 አሳይታለች። የለንደን ሹፌሮች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25 ሺህ ጎዳና በቃላቸው ይይዛሉ። ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ሰፍቶ፣ የፊተኛው ግን አንሶ ተገኝቷል። ያ መጠን ነው። ሥራውን ደግሞ በ1997 ሹፌሮቹ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ በምን መንገድ እንደሚሄዱ በቃል ሲናገሩ ቀኝ ሂፖካምፐሳቸው ሲሠራ አይታለች።

ያንተን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው የ2017ቱ ነው። ሰዎች ማግኔት ውስጥ ሆነው ሶሆ የሚባለውን የለንደን ሰፈር ጎዳናዎች በተቀረጸ ፊልም ዞሩ። ራሳቸው መንገድ ሲመርጡ፣ አዲስ ጎዳና ውስጥ በገቡ ቁጥር የሂፖካምፐሱ ሲግናል ይዘላል፣ ከዚያ ጎዳና የሚወጡት መንገዶች ሲበዙ ዝላዩም ይበዛል። መመሪያ ተከትለው ሲሄዱ ግን ያ ዝላይ የለም።

አይጥ ላይ ያለው አቻው ደግሞ ያስቃል። አይጧ መስቀለኛ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ራሷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ታዞራለች። በ2007 ሚኒሶታ ውስጥ የተቀዳው እንደሚያሳየው በዚያች ቅጽበት የቦታ ሴሎቿ ገና ያልሄደችበትን የግራውን መንገድ ተራ በተራ ይነካሉ፣ ከዚያ የቀኙን። ሰውነቷ ቆሟል፣ ሴሎቿ ቀድመዋት ሄደው ተመልሰዋል።

ቢኒ_ዲሲ · ሐሙስ ምሽት 1:50

እኔ መስቀለኛ ላይ እንደዚያ ቆሜ ግራ ቀኝ ባይ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ነፍቶ ይገድለኛል። ግን ዛሬ ከኤርፖርት ወደ አሌክሳንድሪያ አንድ ሰው ይዤ ስልኩን ዘግቼ ነበር የሄድኩት። ሰውየው «ጂፒኤሱ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። አይ፣ ሂፖካምፐሴን እያሠራሁ ነው አልኩት። ቲፕ አልሰጠኝም።